የወንድ ድሪል

ከጅማ ወደ አሰንዳቦ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ትልቅ ድሪል ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለችው ነጋዴ ሴት አላስችል አላት። ጆሮዬ ገና አልደነቆረም፤ ሁሉንም ሰማሁ።

«አባባ፣ በዚህ አስፋልት ሊቆፍሩ ነው?»

«ሽንት ቤቱ በር አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ልገጥም ነው። ባለፈው ወድቄያለሁ።»

«እጅዎ ይንቀጠቀጣል እኮ!»

«ቢንቀጠቀጥስ? ድሪሉም ይንቀጠቀጣል።»

«ኤሬ! እስቲ ከፍ ያድርጉት።»

ሞከሩ። ከጉልበታቸው አልተነሳም።

«ትንሿ፣ በባትሪ የምትሠራዋ አልነበረችም?»

«ነበረች። ባለሱቁ እሷ የሴት ናት አለኝ።»

«ወላሂ፣ ሴት ነኝ ቢሉት ይሻልዎት ነበር። ግድግዳዎ ብሎኬት ነው?»

«ጭቃ ነው።»

«በጭቃ ላይ ይሄን? እንግዲህ ሲወድቁ ብቻዎን አይወድቁም፤ ግድግዳውም አብሮዎት ይወድቃል።»

«ሰው ከምለምን ይውደቅ!»

«ማሎ፣ እባክዎ ይመልሱት። ትንሿን ይዘው ብረቱን ከቋሚው እንጨት ላይ ይግጠሙት።»

«ምን ብዬ ልመልስ? እጄ ደከመ ልበል?»

«አዎ። እሱን ማለት ከድሪሉ ይቀልላል።»

እኔ እግሬ ስር ያስቀመጥኩትን፣ ከዚያው ሱቅ የገዛሁትን የራሴን የወንድ ድሪል ካርቶን በጋቢዬ ሸፈን አደረግኩት።