ወደ ጓንዡ አስራ አምስት ሰዓት፣ ከጓንዡ አምስት

(ኮልፌ፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ። ስንዱ ከቻይናዋ ጓንዡ ከተማ ልብስ እያመጣች የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ ነገ ትበራለች። ባሏ ባንተይርጋ ፓስፖርቷን ኪሱ ከቶታል።)

ስንዱ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። ፓስፖርቱ ምን አደረገህ?

ባንተይርጋ፦ መጀመሪያ አስሩ ሰዓት የት እንደዋለ ንገሪኝ።

ስንዱ፦ የምን አስር ሰዓት?

ባንተይርጋ፦ ያለፈውን ቲኬትሽን ጎረቤታችንን ጋሽ ደምሰውን አስነበብኩት። ስትሄጂ ከምሽቱ አምስት ተነስተሽ በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገባሽ። አስራ አምስት ሰዓት። ስትመለሺ ከሌሊቱ ስድስት ተነስተሽ ንጋት አስራ አንድ ላይ ቦሌ ነሽ። አምስት ሰዓት።

ስንዱ፦ እና?

ባንተይርጋ፦ እናማ መንገዱ ያው ሰባት ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። አጎቴ አይሱዙ ሲነዳ ከድሬዳዋ አብሮት የተነሳው ጥላው፣ እሱ አዲስ አበባ ምሳውን በልቶ እጁን ሲታጠብ ነበር የሚደርሰው። እሱ እንኳ በሄደበት ሰዓት ልክ ነበር የሚመለሰው።

ስንዱ፦ አጎትህ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም።

ባንተይርጋ፦ ነገር አታዙሪ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ስንዱ፦ አንተ ሰው፣ እዚያ ፀሐይ ቀድማ ነው የምትወጣው። እኛ ጋ ሦስት ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ ስምንት ነው። ስትሄድ አምስት ሰዓት ይጨመርብሃል፣ ስትመለስ ይቀነስልሃል። በረራው መሄጃውም መመለሻውም አስር አስር ነው።

ባንተይርጋ፦ ደግሞ ፀሐይን በሐሰት ምስክርነት ቁጠሪያት።

ስንዱ፦ እንደደረስኩ ስደውልልህ ምን እየሠራህ ነበር?

ባንተይርጋ፦ ቁርስ እየበላሁ።

ስንዱ፦ እዚህ ሰው ሁሉ ምሳ በልቶ ተነስቷል ስልህ፣ አንቺስ ከማን ጋር በላሽ ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው።

ባንተይርጋ፦ …እሱስ ልክ ነሽ። ፍርፍር ነበር።

ስንዱ፦ ታዲያ ፓስፖርቴን።

ባንተይርጋ፦ እሺ፣ እንኪ። ቆይ ግን፣ አንቺ እኮ እንደኔው ከስምንተኛ ነው ያቋረጥሽው። ይሄን የፀሐይ ነገር ማን አስተማረሽ?

ስንዱ፦ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው።

ባንተይርጋ፦ ሰው ማለት?

ስንዱ፦ የአዝራር ነጋዴ ነው። መስኮቱን ለቀቀልኝና በብርቱካን እያሳየ አስረዳኝ።

ባንተይርጋ፦ ብርቱካኑንስ ማን በላው?

ስንዱ፦ ተካፈልነው።

ባንተይርጋ፦ ነገስ?

ስንዱ፦ ነገም ይሄዳል። ወንበር ያዢልኝ ብሎኛል።

ባንተይርጋ፦ ለኔም ፓስፖርት ይውጣልኝ። ጉዞሽን ለሚቀጥለው ወር አዙሪው፤ አብረን ነው የምንሄድ።

ስንዱ፦ አንተ? ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ ዓይንህን የምትጨፍነው ሰውዬ?

ባንተይርጋ፦ እጨፍናለሁ። ግን መሃላችሁ ተቀምጬ ነው።