ሳቢሪን ለምን አትተኛም

ሰኔ 2012 ዓ.ም. ነበር። የማስተምርበት ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት ከተዘጋ ሦስት ወር ሞልቶታል። አንድ ጠዋት ቡታጅራ ገበያ አጠገብ ካለ ፋርማሲ መድኃኒት ልገዛ ስሄድ፣ ጎረቤቴ እትዬ ባሂራ ከሻጩ ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ። የፈለጉት የእንቅልፍ ኪኒን ነው። ሻጩ ደግሞ ለነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሰጥም ብሏቸዋል።

«አየህ መምህር፣» አሉኝ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ እየሰበሰቡ። «ሁሉም ተነጋግረዋል። የሚከለክሉን ተገደን ጤና ጣቢያ እንድንሄድላቸው ነው።»

ኪኒኑ ለምራታቸው ለሳቢሪን ነበር። ሳቢሪን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ሙባሪክ መርካቶ ይነግዳል፤ በሽታ ይዤባት እገባለሁ ብሎ ስለፈራ ከመጋቢት ወዲህ አልመጣም። እትዬ ባሂራም በሩን ቆልፈው ሰው አያስገቡም፣ እሷንም አያስወጡም።

መልስ ሳልሰጣቸው የቀድሞ ተማሪዬ ሲና መጣች። ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ራቅ ብላ ቆማ ሰላም አለችን። እትዬ ባሂራ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ይቺ ናት ባለፈው ወር በሬ ድረስ መጥታ ምራቴን ‹ትተኛለሽ ወይ? ታለቅሻለሽ ወይ? ተስፋ ትቆርጫለሽ ወይ?› እያለች የጻፈችው። ለማዋለድ የተማረች ሰው ስለ እንቅልፍ ምን አገባት? አብዳለች ብላችሁ ልጁን ልትወስዱባት ነው፣ ወይስ ኮሮና አለባት ብላችሁ እሷን?»

«ቢጠራጠሩ አልፈርድብዎትም እትዬ፣» አለች ሲና። «ግን የተጨነቀች እናት በደንብ አትበላም፣ አትተኛም፣ ክትትሏንም ታቋርጣለች። ስለዚህ ነው የምንጠይቀው። የጻፍኩት ካርዷ ውስጥ ነው ያለው፤ ከፈለጉ መምህር ያንብቡልዎ።»

«የመምህርም ደመወዝ ከመንግሥት ነው።»

ልቆጣ ዳዳኝ፤ ነገር ግን ተውኩት። እትዬ ባሂራ ልጅ ሳሉ፣ መስቃን ገጠር ውስጥ ወረርሽኝ ገብቶ ከድጄ የሚባሉ ታላቅ እህታቸው ለሕክምና ተብላ ተወስዳ እንደወጣች ቀርታለች። የት እንደተቀበረች እንኳ የነገራቸው የለም። እንዲህ ያለ ሰው በቁጣ አይመለስም።

«ሳቢሪን ራሷስ ምን ትላለች? ለምን እንደማትተኛ ጠይቀዋታል?» አልኳቸው።

«ምን ትላለች፣ ልጅ አይደለች እንዴ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አልጠየቅኳትም፣» አሉ።

አብረን ሄድን። እኔና ሲና ከበሩ ውጭ ቆምን። ሳቢሪን በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ እግሮቿ ጫማ እስከማይገባቸው አብጠዋል። አማቷ ጠየቋት። መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

«እማ፣ አይቀየሙኝ። ቀን ሙሉ ዛሬ ይህን ያህል ሞተ ሲሉኝ ይውላሉ። ዓይኔን ስከድን በምጥ ሞቼ፣ ሳልታጠብ በላስቲክ ጠቅልለው ሲቀብሩኝ ይታየኛል። ጎረቤት ቀረብኝ፣ ሙባሪክም ራቀኝ። ሰሞኑን ደግሞ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዓይኔም ብዥ ይልብኛል። እንዳልነግርዎ ‹ይወስዱሻል› ይሉኛል።»

የሲና ፊት ተለወጠ። «እትዬ፣ ይህ የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ መለካት አለበት።»

«ባትሄድስ?»

«እሷንም ልጁንም ልናጣ እንችላለን። ላስፈራራዎ ብዬ አይደለም።»

«እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ? አትደብቁብኝም?»

«ዓይንዎ እያየ ነው የሚለካላት። ትኩሳት ያለበት ሰው የሚታየው በሌላ ክፍል ነው፤ እርስዎም ሄደው ይዩት።»

እትዬ ባሂራ የሲናንም የእኔንም ፊት መረመሩ። ከዚያ ገብተው ሳቢሪን ስትወጣ ራሷን የምትሸፍንበትን ጉፍታ ይዘው ወጡ።

ጤና ጣቢያ ሲለካላት ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ተላከች። እትዬ ባሂራ የሚሰጣትን መድኃኒት ሁሉ ስሙን እየጠየቁ፣ ለምን እንደሆነ እያስነገሩ ሰነበቱ፤ የተቆጣቸው አልነበረም። ሐኪሙም ስለ ጭንቀቷ በዝርዝር አነጋገራት። ቤት ስትመለስ የሞት ዜና ቀረ። ሙባሪክ በየቀኑ መደወል ጀመረ። ጎረቤታቸው ፍቅርአዲስም ግቢው ውስጥ ራቅ ብላ ተቀምጣ ታጫውታት ጀመር። እንቅልፉ ቀስ እያለ መጣ።

ነሐሴ ላይ ሳቢሪን ሆስፒታል ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች።

ከዚያ በኋላ እትዬ ባሂራ ክትትል ያቋረጠች ነፍሰ ጡር አለች ከተባለ ሳይጠሩ ይሄዳሉ። «እኔ በሽታውን በር ላይ አስቀርቼ ፍርሃቱን ቤት አስገብቼባት ነበር፤» ይላሉ። «አፍሽን ሸፍነሽ፣ ከሰው ርቀሽ ሂጂ፤ ግን ሂጂ። የሚያስጨንቅሽንም ንገሪያቸው። የእኔዋ ባትናገር ኖሮ ሁለቱንም ቀብሬ ነበር።»

ጥርጣሬያቸው ግን ጨርሶ አልለቀቃቸውም። ሲና ሕፃኗን ልታይ ስትመጣ፣ አጠገባቸው ቆመው እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ሳያስታጥቡ አይሰጧትም። ሲናም ያለ ምንም ቅሬታ ትታጠባለች።