ፊት ለፊት ወይስ ጎን ለጎን፦ የሰላም መምህሩ ወንድማችን ዜና ሕይወት

ሐዘናችንን ሐዘናችሁ አድርጋችሁ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶቻችን ሆይ፤ በዚህ አዳራሽ ያሉት ወንበሮች ፊት ለፊትም ጎን ለጎንም ሳይሆኑ ለምን እንዲህ ተንጋደው እንደ ተደረደሩ ግራ እንደ ገባችሁ ከፊታችሁ አንብቤአለሁ፤ የሟች ታሪክ ራሱ ያስረዳችኋልና ጥቂት ታገሡኝ። እኔ ታላቅ እህታቸው ነኝ። አዝዬ ያሳደግሁትን፣ አፍንጫውን የጠረግሁለትን ሰው አንቱ ማለት አፌን ቢይዘኝም፣ ወጉ ነውና ለዛሬ እላቸዋለሁ።

ወንድማችን ለትምህርት ቤቶች ወንበርና ጠረጴዛ ይሠሩ ከነበሩት አናጢ አባታችንና አዋላጅ ከነበሩት እናታችን፣ ከእኔ በታች ከታናሽ ወንድማችን በላይ ተወለዱ። አባታችን የሰው ልጅ ሁሉ የሚቀመጥበትን እየሠሩ ለገዛ ቤታቸው አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ስላስቀሩ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በዚያች አግዳሚ ላይ በክርን እየተጎሻሸሙ አደጉ። የጠባቸው መነሻ በመስኮቱ በኩል ማን ይቀመጥ የሚል ነበር፤ ዳኛዋ እኔ ነበርኩ፣ ፍርዴም ለሁለቱም እኩል ኩርኩም ነበር።

ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው የጂኦግራፊ መምህር ሆነው በተቀጠሩ በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንድ የካርታ መስቀያ የተነሣ ግብግብ የገጠሙ ሁለት መምህራንን ሊገላግሉ ገብተው አፍንጫቸው ላይ ቡጢ አረፈባቸው፤ ተማሪዎቹም በመስኮት ተንጠልጥለው ያጨበጭቡ ነበር። ሰላም ለልጆች ከመሰበኩ በፊት ለመምህራን ሊሰጥ እንደሚገባ የተገለጠላቸው በዚያች ዕለት፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ሳለ መሆኑን ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩ ኖረዋል።

ከዚያም በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ የሰላም ትምህርት ክፍልን አቋቋሙ፤ ታናሽ ወንድማችንም መምህር ሆኖ ነበርና አብሯቸው ገባ። ያሠለጥኑ የነበረውም ሁለት መምህራንን አስቀምጠው በውሸት በማጣላት፣ ጠቡ ሲጦፍ ወንበር በማቀያየርና እያንዳንዱ ለባላጋራው እንዲሟገት በማድረግ ነበር። የወደፊት ባለቤታቸውን ያገኙትም እዚያው ነው፤ የተቆጣች ወላጅ ሆነው እንዲጫወቱ የተመደቡ የሒሳብ መምህርት እንዲያ አድርገው ቢጮኹባቸው፣ አሠልጣኝ መሆናቸውን ረስተው የምራቸውን ይቅርታ ጠየቁ። ተጋብተውም አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆችን አፈሩ። በቤት ውስጥ ስለነበራቸው ጠባይ ባለቤታቸው ሲጠየቁ፣ ሰላሙን ውጭ አከፋፍለው ጨርሰው ስለሚመጡ ለቤት የሚተርፍ የለም ይሉ ነበር።

እነሆ አሁን ወደ ወንበሩ ነገር መጣን። ወንድማማቾቹ የሥልጠናውን መመሪያ እንደገና ሲያዘጋጁ፣ የተጣሉ ሰዎች ወንበር እንዴት ይቀመጥ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሟች፣ ሰው ዓይን ለዓይን ካልተያየ አይታረቅም፣ ስለዚህ ፊት ለፊት ይሁን አሉ፤ ታናሻችን ደግሞ ዓይን ለዓይን መተያየት ለቦክስ ነው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ችግሩን አብረው ይመልከቱት አለ። ጠዋት በሻይ የተጀመረው ክርክር እስከ ምሳ ጣራ ነካ፤ ከሰዓት በኋላ ታናሻችን የገዛ ወንበሩን በትከሻው ተሸክሞ፣ መሥሪያ ቤቱ እያየው፣ ግቢውን ለቆ ወጣ። ሠልጣኞቻቸውም ፊት ለፊትና ጎን ለጎን በሚል ለሁለት ተከፈሉ፤ ለሰላም ጉባኤ ሲገናኙ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ።

ወንድማማቾቹ ለዓመታት አልተነጋገሩም። በቤተ ዘመድ ግብዣ ላይ መካከላቸው የምቀመጠው እኔ ነበርኩና፣ ጨው አቀብለኝ የምትለዋ ቃል እንኳ በእኔ በኩል ታልፍ ነበር። ሁለቱም የዋሆች ነበሩ፤ ግን ያን ያህል ሰው ያስታረቀ ሰው ቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ሞት ነው የሚመስለው።

በኋላም ወንድማችን ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል ተኙ። ከሕመማቸው ይልቅ የሚያብሰለስላቸው ሌላ እንደ ነበር የነገሩኝ አንድ ቀን ትራሳቸውን ሳስተካክል ነው።

«አገሩን ሁሉ አስታርቄ፣ ከወንድሜ ጋር እንደተኳረፍኩ ልሞት ነው» አሉኝ።

እኔም ስልክ አንሥቼ ታናሻችንን፣ ታሟልና ና ብዬ ዘጋሁበት። ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር ደረሰ። የሕክምና ክፍሏ ጠባብ፣ ወንበሯም አንዲት ነበረች፤ እሱም ወንበሯን ጎትቶ ከአልጋው ፊት ለፊት ሊያኖራት ሲል ሟች በእጃቸው ከለከሉት።

«ከጎኔ አድርጋት፤ መስኮቱን አብረን እንይ» አሉት።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ፊትህን ለማየት ነው የመጣሁት» አለ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! አንዱ የጎን ለጎንን ጥቅም፣ ሌላው የፊት ለፊትን ጥበብ እየዘረዘሩ፣ እያንዳንዱ ለባላጋራው አጥብቆ ተሟገተ፤ ድምፃቸው ኮሪደሩን ስለሞላው ነርሷ መጥታ፣ መጣላት ከፈለጋችሁ ከሆስፒታል ውጭ ብላ ተቆጣቻቸው። ዕርቅ መሆኑን ላስረዳት ብሞክርም አላመነችኝም። እኔ ግን እዚያው በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ታናሻችንም ከዚያች ዕለት ጀምሮ ከአጠገባቸው አልተለየም፤ ወንድማችን ያረፉት እጃቸው በእጁ ውስጥ እንዳለ ነው።

ሟች ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን፣ ታናሽ ወንድማችንንና በሁለት ጎራ የተቀመጡ ብዙ መምህራንን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ማደሪያው ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናናን፤ የሚቀመጡበትንም ስፍራ እሱ ራሱ ይምረጥላቸው፣ ለእሳቸው ከተተወ ክርክር ያነሣሉ።

ወንበሮቹን ያስቀመጠው ታናሻችን ነው። ገና ሳይነጋ መጥቶ፣ አንዴ ፊት ለፊት አንዴ ጎን ለጎን ሲያደርጋቸው ቆይቶ፣ የሚከራከረው ሰው ቢያጣ፣ በሁለቱ መካከል አንጋዶ ትቷቸው ተቀመጠ። ከመስኮቱ በኩል ያለችውን ባዶ ወንበር ግን እባካችሁ ማንም አይቀመጥባት፤ ለጋሼ ለቅቄለታለሁ ብሏል።