ከየትም ብትመጣ ግባ

የወንድሜን አርባ ባወጣን ማግስት ከፒያሳ ወደ ቁስቋም በታክሲ ስሄድ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና ላፕቶፕ የያዘ ወጣት ሲያወሩ ሰማሁ።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አሉ ሽማግሌው።

«አያ ሞላ፣ የቁስቋሙን ክሊኒክ የምርመራ ውጤት መመልከቻ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሌላ ድረ ገጽ ውጤት ሲጠይቅ ውጤቱ ያለበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ያያል።»

«ሸጋ ነዋ!»

«ለሁሉም ክፍት ብዬ ስጽፍ ገጽ መክፈቻው ብራውዘር የታካሚ መግቢያ ካለበት አይሆንም አለኝ። ቸኩዬ፣ ሰርቨሩ ለመጣው ድረ ገጽ ሁሉ ስሙን ጠርቶ ተፈቅዶልሃል እንዲል አደረግኩት።»

«ከየት ነህ ብሎ ጠይቆ፣ ከየትም ብትለው ግባ የሚል ዘበኛ? እሱማ እኛም ደብር አለ!»

«አይሳቁ። ታካሚው ከመግቢያው ሳይወጣ ሌላ ገጽ ቢከፍት፣ ያ ገጽ በሱ ስም ውጤቱን ያነባል።»

«ስንት ጊዜ እንዲህ ቆየ?»

«ዓመት። ትናንት ለክሊኒኩ ገጽ ብቻ እንዲፈቅድ አድርጌ ዘጋሁት።»

«ማን እንዳነበበ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ለታካሚዎቹስ ተነገረ?»

«ዝም በል ተባልኩ።»

«አንተም ዝም አልክ?»



ወንድሜ ውጤቱን በዚያው ገጽ ነበር የሚያየው፤ በሽታውን ለሰፈር ያወራችው እህታችን ናት ብሎ እንዳኮረፋት ነው የሞተው፤ ቁስቋም ስንደርስ ወራጅ ማለት አቃተኝ።