ከክላሱ ራስ ላይ ይጻፍ

ከመጋዘን መድኃኒት ይዤ ስመለስ፣ የክሊኒካችንን ፕሮግራም ፒ ኤች ፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፉት አዛውንት በመድኃኒት ማደያው ኮምፒውተሬ ፊት ከእህታቸው ልጅ ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ። እኛ በስውር «አባ ይሠራል» እንላቸዋለን፤ ምን ቢጠየቁ መልሳቸው «ይሠራል!» ነውና። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ልታግዛቸው የመጣች ናት። የአዛውንቱ ባለቤት ደግሞ ጉሮሯቸውን ታመው ለክትትል መጥተዋል፤ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው የያዝኩትን መድኃኒት ይጠብቃሉ።

«አጎቴ፣ ይቅርታዎን፤ የታካሚው ክላስ ምን ምን ፕሮፐርቲ እንዳለው ከላይ አልተጻፈም። ስሙም፣ ዕድሜውም፣ የማይስማማው መድኃኒትም ኮዱ ሲሄድ መንገድ ላይ ነው የሚፈጠረው።» ክላስ የሚሉት የታካሚው መረጃ የሚያዝበትን የኮድ ቅጽ፣ ፕሮፐርቲ የሚሉትም በቅጹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቦታ ነው።

«ታዲያስ? ፒ ኤች ፒ ራሱ ይፈጥረዋል። እኔን ምን አደከመኝ?»

«አዲሱ የፒ ኤች ፒ ቅጂ እኮ ይህን አይወደውም፤ ያስጠነቅቃል።»

«ማስጠንቀቂያውን አፍኜዋለሁ። ይኸው፣ ጸጥ ብሏል!»

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። የሚያለቅስ ሕፃን አፉን አፍኖ «ዳነ» ማለት ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ግን እሳቸውን ማን ደፍሮ ይናገራል!

«እስቲ ይፍቀዱልኝ» አለች ልጅቷ በትሕትና። «ሁሉንም ከላይ ከነዓይነቱ፣ ጽሑፍ ነው ቁጥር ነው እያልኩ፣ ልጻፈው። ያልተሞላ ነገር ሲነበብ ፕሮግራሙ ይቆማል።»

«ሞክሪ፤ ካበላሸሽው ግን አለቀልሽ!» አሉ እየሳቁ።

ጻፈችና የባለቤታቸውን ገጽ ከፈተች። ፕሮግራሙ ቀጥ አለ፤ የማይስማማው መድኃኒት አልተሞላም፣ አልቀጥልም አለ።

«ይኸው! አልኩሽ!»

«አላበላሸሁም፣ አጎቴ። ያ ፕሮፐርቲ የሚፈጠረው አዲስ ታካሚ ሲመዘገብ ብቻ ነው። ለክትትል የመጣ ሰው በሌላ ገጽ ስለሚገባ አይፈጠርለትም፤ ቀድሞ የተመዘገበለትም አይታይም። እስከ ዛሬ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታይ ነበር።»

እኔም ያንን ባዶ ቦታ አይቼ ነበር የማይስማማቸው መድኃኒት የለም ያልኩት። የያዝኩትን አሳየኋቸው፤ ፔኒሲሊን ነው። አዛውንቱ ክው አሉ።

«ፔኒሲሊን? ለሷ? ኧረ በፈጣሪ! አንዴ ወስዳው ትንፋሿ ሊቆም ነበር! እኔው ራሴ ነኝ ያስመዘገብኩላት!»

ሐኪሙን ጠይቄ በሌላ ለወጥኩት። አዛውንቱ ላባቸውን ጠረጉ።

«ልክ ነሽ፣ የኔ ልጅ። ከላይ ቢጻፍ ኖሮ ጉድለቱን ያኔውኑ ይነግረኝ ነበር። ከኔ በኋላ የሚመጣም ሰው ክላሱ ምን እንደሚይዝ አንድ ቦታ ያገኘዋል፤ ኮዱን ሁሉ ሲያስስ አይውልም። ያፈንኩትንም ማስጠንቀቂያ ክፈቺው፤ ይጩኽብኝ።»

ከዚያ ወጥተው ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ይዘው የሆነውን ሳይደብቁ ነገሯቸው። ባለቤታቸውም እጃቸውን አስለቅቀው፣

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሏቸው። «ግባና ጨርሱት እንጂ! ሌላም በሽተኛ እኮ ይመጣል!»