ዶሮ ወጥ በዓርብ

(ደሴ፤ ዓርብ አመሻሽ። ትርንጎና ባሏ አስቻለው በጠባቧ ማዕድ ቤታቸው ውስጥ፤ አንዱ ምድጃ ላይ ለነገ ተብሎ የተሠራ ዶሮ ወጥ ተጥዷል።)

ትርንጎ፦ በዓርብ ዶሮ! ለአባቴ! እስቲ ንገረኝ፣ አስታራቂያችን ጋሽ እምሩ «ዕርቁ ከቅዳሜ ወደ ዓርብ ዞሯል» ብለው ሲደውሉልህ ጆሮህ የት ነበር?

አስቻለው፦ ረሳሁት አልኩሽ እኮ! ጋራዥ መኪና ሥር ተኝቼ ነው የደወሉልኝ።

ትርንጎ፦ አልረሳህም። እንዲመጡ ስላልፈለግክ ነው። አሁን ከታክሲ ወርደዋል አሉ፣ እኔ ደግሞ ቅቤ በቅቤ ሆኜ ቆሜያለሁ!

አስቻለው፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! መጮሁን ተይና ምን ልክተፍ?

ትርንጎ፦ መጀመሪያ መደርደሪያው ላይ ያለውን ንገረኝ።

አስቻለው፦ ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ ዘይት። ቅርጫቱ ውስጥ ድንችና ቲማቲም አለ።

ትርንጎ፦ ምስሩ አይደርስም። ስንት ዓመት ደጄን ላልረገጡ አባቴ ደግሞ ሽሮ ብቻ አላቀርብም! የጾሙን መጥበሻ አውርድልኝ። ድንቹን በስሱ ክተፈው፤ በሽንኩርትና በቲማቲም ቶሎ አደርሰዋለሁ።

አስቻለው፦ ምን ብትሠሪለት አይጣፍጠውም።

ትርንጎ፦ አባቴን አንቱ በል!

አስቻለው፦ እናቴ ስትሞት ለቅሶ ያልደረሰ ሰው አንቱ አይባልም! «ሽማግሌ ሳይልክ ልጄን ወሰደ፤ ከቤቱ እህል ውሃ አልቀምስም» እያለ አገር ምድሩን ሲያዳርስ የከረመ ሰው! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ትርንጎ፦ እኔስ አልተወጋሁም? ልጄ አያቷን የምታውቀው በፎቶ አይደለም? ዛሬ እዚህ ቤት አንዲት ጉርሻ ከቀመሱ መሐላቸው ፈረሰ፣ ተገላገልን። ሳይቀምሱ ከወጡ ግን ጋሽ እምሩም ሁለተኛ አይለምኑልንም። ገባህ?

አስቻለው፦ ዓርብን ይጾማል፣ ልጁን ይረግማል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት!

ትርንጎ፦ ተረትህን ዋጠውና መጥበሻውን አማስል! እንዳያርብኝ፣ እኔ እንጀራውን ላውጣ።

አስቻለው፦ ማማሰያው የታለ?

ትርንጎ፦ አጠገብህ! ዓይንም የለህም?

አስቻለው፦ እሺ፣ እያማሰልኩ ነው። አትጩኺብኝ።

ትርንጎ፦ ሽታውስ መጣ። ተመስገን፣ ልንደርስ ነው። ጨው በቃው?

አስቻለው፦ ትርንጎ...

ትርንጎ፦ ምን?

አስቻለው፦ ማማሰያው የዶሮው ነው። ከድስቱ ክዳን ላይ ነው ያነሳሁት። ይኸው፣ ቅቤው ተንሳፈፈ።

ትርንጎ፦ ሆን ብለህ ነው!

አስቻለው፦ በእናቴ አጥንት፣ አላየሁትም።

ትርንጎ፦ በሩ ተንኳኳ! መጡ። ስማኝ፤ ቅቤውን በማንኪያ ገፍፈህ አውጣ። በርበሬ ጣል አደርግበታለሁ፣ ማን ያውቃል?

አስቻለው፦ እኔ አውቃለሁ።

ትርንጎ፦ አንተ! ለአባቴ ጾም አሳቢው አንተ ሆንክ? አሁን ስትሰድባቸው አልነበረም?

አስቻለው፦ ነገም እሰድባቸዋለሁ፣ ፊት ለፊት! ሳያውቁ ግን ቤቴ ውስጥ ጾማቸውን አላስገድፍም። ዞር በይ።

ትርንጎ፦ አትድፋው! አስቻለው፣ በፈጠረህ አትድፋው! ሌላ የለኝም!... ደፋኸው። ቤቴን ደፋኸው!

አስቻለው፦ ሽሮ አለ። አዲሷን ድስት አምጪና እኔ ልጣደው፤ አንቺ ሂጂ ክፈቺ።

ትርንጎ፦ ከፍቼ ምን ልበላቸው? ስንት ዓመት ጠብቄዎት ባዶ ገበታ ነው የማቀርብልዎ ልበል?

አስቻለው፦ ምንም አትበያቸው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ በእኔ አሳብቢ። እኔን መጥላት ለምደውታል።

ትርንጎ፦ እኔ ግን አልለመድኩትም! አባባ፣ ይግቡ፣ በሩ ክፍት ነው! ራት ይዘገያል! እኔ ልጅዎ እያወቅሁ ጾምዎን ላስገድፍዎ ነበር፤ ያዳነዎ ሽማግሌ ሳይልክ የወሰደኝ ሰውዬ ነው!