ዊልቸሩ ሲወጣ አየሁ

ምስክር፦ ሴት፣ ዕድሜ 34
ሥራ፦ በልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጣሪ
አድራሻ፦ ከዳገቱ ሥር ያለው ሰፈር፤ ለጊዜው በመጠለያነት በተከፈተው ትምህርት ቤት፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ክፍል
ከተጠርጣሪው ጋር ያላት ዝምድና፦ የሚስቱ ታናሽ እህት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰፈሩ ከተለቀቀ በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በፊት
ጉዳዩ፦ ነዋሪዎች ከአደጋ ሲሸሹ የክሊኒክ ንብረት ዘርፎ መውሰድ

…እናቴን አዝሏት ነበር። ከየት ልጀምር ብዬ ስጠይቅ መርማሪው ከፈለግሽበት ጀምሪ ስላሉኝ ከዚህ እጀምራለሁ። እናቴን በጀርባው አዝሏት፣ አንደኛው ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ፣ እኔ ጫማውን ይዤ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ባዶ የቀረው የትኛው እግሯ እንደነበር አሁን አይታወሰኝም። ይህ ለምርመራው እንደማይጠቅም ተነግሮኛል።

ተጠርጣሪው የታላቅ እህቴ ባል ነው። ሥራው ጎሚስታ ነው፤ የሰፈሩን ጎማ ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው። ጋሼ እያልኩ እጠራዋለሁ። እናቴ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግማሽ አካሏ አይታዘዝላትም፤ የሚባለውን ትሰማለች፣ መናገር ግን አትችልም። በዕለቱ ጠዋት ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በየመንገዱ እየዞረ፣ ከሰፈሩ በላይ ያለው ዳገት ስለተሰነጠቀ ሁሉም ሰው ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ አውቶቡስ እንዲሳፈር ሲያውጅ ሰምቻለሁ። በተለቀቀው ሰፈር የሰው ንብረት የነካ ሰው፣ ዕቃው ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ቅጣቱ ከሌላው ጊዜ እጥፍ እንደሚሆን ሲናገርም ሰምቻለሁ። ጋሼም ሰምቷል ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ጆሮ ላለው ሁሉ ይሰማ ነበር ብያለሁ። መርማሪው ቀና ብለው ሳያዩኝ ጻፉት። ምነው ያን ጊዜ ባልተናገርኩ አልኩ፣ በሆዴ።

እህቴ ልጆቿን ይዛ ቀድማን ሄዳለች። መንገዱ ላይ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰፈሩ ምንም አልሆነም፤ ልብስ እንደተሰጣ ነው፣ አንድ የተቆለፈ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ለብቻው ያወራል። ዳገቱም እስከዛሬ አልተናደም። ክሊኒኩ ጥግ ስንደርስ ጋሼ መሸከም አቃተው። እናቴን ከግንቡ አስደግፎ አስቀመጣትና «እማማ፣ እርስዎ ከብደው አይደለም፣ እኔ ነኝ ያረጀሁት» አላት። በሚታዘዛት በኩል ባለው ከንፈሯ ሳቀች።

የክሊኒኩ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጋሼ «ኧረ ሰው! ማነው ያለው?» እያለ ደጋግሞ ተጣራ። የመለሰለት የለም። በትከሻው ገፍቶ ገባ። ዊልቸር ይዞ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ ምንም አልያዘም። «ሳናስፈቅድ?» ስለው «ማንን እናስፈቅድ እታለም? ግድግዳውን?» አለኝ። እናቴን አስቀምጠን ገፋን። መንገዱ ጠጠር ስለሆነ አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ የቀኙ ጎማ ተንፍሶ በቸርኬው ይሄድ ነበር።

ጋሼ ጎማውን ዳሰስ አድርጎ ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ነገራት። ሞተሩ ይጮህ ስለነበር አልሰማሁም። አስተካክዬ እመልሰዋለሁ ያላት ይመስለኛል ብዬ ስናገር፣ የሚመስልሽን ሳይሆን የሰማሽውን ተባልኩ። የሰማሁት ሞተር ነው።

የአውቶቡሱ ረዳት ዊልቸሩን አልጭንም አለ። «ሰው ነው የምጭነው! ዕቃ ያለው ከነዕቃው ይቅር!» ጋሼ ሳቀና «እሺ ጌታዬ፣ እኔም ዕቃ ነኝ» ብሎ እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጧት ወረደ። በሚቀጥለው እሳፈራለሁ አለኝ። በአውቶቡሱ የኋላ መስታወት ሳየው ዊልቸሩን እየገፋ ወደመጣንበት ይመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር የለም።

ለምን ወዲያው ክሊኒኩ አላስገባውም ተብዬ ተጠይቄ፣ ጋሼ የተዋሰው ነገር ሲበላሽበት ሳይጠግን እንደማይመልስ አስረድቻለሁ። አንድ ቀን ከጎረቤት የተዋሰውን ጃንጥላ ኃይለኛ ዝናብ እየዘነበ ሊመልስ ሄደ፤ ጃንጥላው እንዳይረጥብ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦት፣ እሱ ውሃ ሆኖ። እህቴ ይህን ለሰው ሁሉ እያወራች ታሳቅበታለች። መርማሪውም ፈገግ ብለዋል። አልጻፉትም፤ ይጻፍልኝ ብዬ ለምኜ ተጽፏል።

ወደዚህ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ነው። ለምን እንደወሰደው ካስረዳሁ ይለቁታል ብዬ ነበር። ቃሌን ሰጥቼ ወደ መጨረሻው ስደርስ መርማሪው የሚከተለውን ነገሩኝ። የክሊኒኩ ባለቤት፣ እዚያ የነበሩት ዊልቸሮች ሁለት ናቸው ብለዋል። አንደኛው የት እንደገባ አልታወቀም። ጋሼ የተያዘው ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ በር ላይ አንድ ዊልቸር ይዞ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነው። የያዙት ጠባቂዎች ይዞ ሲወጣ ደረስንበት ብለዋል። እስከ ዛሬ ጠዋት የሚጠየቀው ስለ አንድ ዊልቸር ነበር። አሁን እኔ በዕለቱ ጠዋት አንዱን ሲያወጣ አይቻለሁ ስላልኩ፣ የጠፋው ያ ነው፣ የተያዘበት ደግሞ ሁለተኛው ነው ማለት ነው ተባልኩ።

ያው አንዱ ነው ብያለሁ። በምን ለየሽው ተባልኩ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ጎማው የተለጠፈ መሆኑ ይታይልኝ ብዬ ጠይቄ፣ የሁለቱም ጎማ ከዚህ በፊት ተለጥፎ እንደሚያውቅ፣ የለጠፋቸውም ራሱ ጋሼ እንደሆነ ባለቤቱ መናገራቸው ተነግሮኛል።

የክሊኒኩ በር ላይ ደረጃ አለ። እኛ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጋሪ ደረጃ ላይ ስናወጣ ወደኋላ እየሄድን ነው የምንጎትተው፤ የሚገባ ሰው ፊቱ ወደ ውጭ ነው። ተነስቼ የራሴን ወንበር እየጎተትኩ አሳይቻለሁ። ወንበሩ ወለሉን ስለፋቀ አንድ ፖሊስ በሩን ከፍቶ ምን ተፈጠረ አለ። መርማሪው ቆመው ተመለከቱኝ። እንዲህ ሲያደርግ አይተሻል ወይ አሉኝ። አላየሁም።

ዛሬ ጠዋት እህቴ እጄን ይዛ «ሲመልስም አይቻለሁ በያቸው፣ ምላስሽ አይቆረጥም!» ብላኛለች። ይህን የምናገረው እሷን ለመጉዳት አይደለም። እንዲያ ልልም አልችልም ነበር፤ ጋሼ በተያዘበት ሰዓት መጠለያው ውስጥ ብርድ ልብስ የሰጡኝ እኚሁ መርማሪ ናቸው። ጋሼ በጆሮዋ ምን እንዳላት እናቴ ታውቃለች ብዬ ተናግሬአለሁ። እናትሽ ቃል መስጠት ይችላሉ ወይ ተባልኩ። እጇን ታነሳለች አልኩ። መርማሪው ብዕሩን አስቀምጠው ዓይናቸውን አሹ፤ ከዚያ መልሰው አነሱት። ቅድም ያልኩትን ልተወው ይቻላል ወይ ብዬ ጠይቄ፣ የተሰጠ ቃል እንደማይነሳ ተነግሮኛል።

የተጻፈው በሙሉ ተነቦልኛል። ከአፌ ያልወጣ ነገር አልተጨመረበትም፤ የተናገርኩትም አልቀረም። ሁሉም እውነት ነው፤ ለዚህም ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል

ከፊርማ በኋላ በምስክሯ ጥያቄ የተጨመረ፦

ብዕሩን ስመልስ ጋሼን ሁለት ፖሊሶች መሃል አድርገው በኮሪደሩ ሲያሳልፉት አየሁ። የጫማው ክር ተፈቷል፤ እግሩን ይጎትታል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«መጣሽልኝ እታለም! ያየሽውን ነገርሻቸው አይደል?»

አዎ አልኩት።

«በቃ ተገላገልኩ» አለ።

በሩ ተዘጋ።